ወንዝ ቁጥር ሁለት

ባለፈው ኅዳር የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ክፍሌ ድረስ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ለመጽሔታችን አንድ ገጽ ብቻ ይጻፉልን። አስተዳደግዎንና የማስተማር ፍልስፍናዎን» አለችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ ፍልስፍና የሚለውን ቃል ግን የስልክ ቁጥሬን የምትጠይቀኝ ያህል አቅልላ ነው የጠራችው። በዚህ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ታሪክና ጂኦግራፊ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። የአምባሳደር ልጅም የነጋዴ ልጅም አስተምሬያለሁ፤ ስለ ራስሽ ጻፊ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። የዚያን ዕለት ተቀምጬ በእንግሊዝኛ አራት መስመር ጻፍኩ። አራቱም እውነት ነበሩ፤ ግን የትኛውም አስተማሪ ሊጽፋቸው ይችል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስደርስ ልጄ ከጎጃም ያስመጣችው ዛላ በርበሬ በረንዳው ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስነጠሰኝ። ልጄ ከውስጥ «ይማርሽ!» ስትል እኔ አዲስ አበባ አልነበርኩም። ቡሬ ነበርኩ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ።

በኅዳር ቡሬና ዙሪያዋ በበርበሬ ይቀላሉ። በየደጃፉ፣ በየሰሌኑ፣ በየማሳው ዳር ይሰጣል፤ ነፋስ ሲነሳ ቄሱም ፖሊሱም እኩል ያስነጥሳሉ። ቡሬ ያኔ አንድ ረጅም መንገድና በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች ነበረች። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው አውቶቡስ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ፣ አቧራውን ተከናንቦ ሲደርስ ልጁም ሽማግሌውም ይወጣል። የሚቀበለው ሰው ኖሮት አይደለም፤ ማን እንደሚወርድ ለማየት ነው። የአባቴ እህት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበራት። አቡጀዴ፣ መርፌና ክር፣ ላምባ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ትሸጣለች። ደብተር አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ከረሜላ ደግሞ አምስቱ በአምስት ሳንቲም። በስሙኒ ምን ያህል ነገር ይገዛ እንደነበር ዛሬ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። እኔ እዚያ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ጥቁር ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ ፀሐይ ሲያገኘው እግር ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲያገኘው ያንሸራትታል፤ ቢሆንም ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥቤ ከራስጌዬ ነበር የማስቀምጠው። ጎረቤታችን ጠጅ ቤት ባለ ባትሪ ራዲዮ ነበረው፤ አመሻሽ ላይ የአዲስ አበባ ዘፋኞችን ያሰማናል። አክስቴ ዘፈን ኃጢአት ነው ትላለች፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሱቋን መስኮት አንድም ቀን ዘግታው አታውቅም።

የተወለድኩት ከቡሬ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ፤ እናቴ ደግሞ አገው ነበረች። አባቴ ዳዊት አስደገሙኝ። የቀረውን ሁሉ፣ ውሃ መቅዳቱን፣ ሰው ሰላም ማለቱን፣ መሳቁን እናቴ በአገውኛ አስተማረችኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች ቤታችን ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉት ቡሬ ስገባ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ተነስቼ ሳነብ አንድ ቃል በእናቴ አነጋገር ወጣብኝና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አገውኛ ታውቂያለሽ?» የሚለኝ ሰው ካለ «አላውቅም» እላለሁ። እናቴ በገበያ ቀን ማር ይዛ ትመጣ ነበር፤ ከሩቅ ስታየኝ በአገውኛ ትጠራኛለች። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሳለሁ ጠራችኝ። ያልሰማሁ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ሁለተኛ አልጠራችኝም። ማሯን ሸጣ፣ አክስቴን ሰላም ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ ስትመጣ የጠራችኝ በአማርኛ ነበር፤ ቃሉን እንደ ተዋሰችው ዕቃ እየተጠነቀቀችለት፣ ቀስ ብላ። ስለዚያ ነገር አንዳችንም አንስተን አናውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ መምህር ዳንኤል መጣ። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ያስተምሩ ነበር። ከአውቶቡሱ ሲወርድ አይተነዋል፤ ጠባብ ሱሪ፣ ቀጭን ጥቁር ክራቫት፣ ማበጠሪያ የማይደፍረው ጎፈሬ፣ በገመድ የታሰረ አንድ ካርቶን መጽሐፍ። አክስቴ «ይሄ ደግሞ የሚበላ አያገኝ ይሆን? እንዲህ የከሳ» ብላ አዘነችለት። ክፍል በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን አለንጋ አንስቶ ቁምሳጥኑ ላይ ወረወረው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ «ቴምዝ ወዴት ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም እጅ አወጣን። መጽሐፉን በቃላችን ሸምድደነዋል። «ራይንስ?» አሁንም ሁላችንም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያመለከተ፣ «ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ጅረትስ ወዴት ይሄዳል?» አለ።

ሁላችንም አንገታችንን ወደ መስኮቱ አሰገግን። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ልጅ «ወደ ታች» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህር ዳንኤል ግን ሳይስቅ፣ «ልክ ነህ። ከዚያስ?» አለው።

ልጁ አላወቀም። ማናችንም አላወቅንም።

«እኔም አላውቅም» አለ መምህር ዳንኤል። አስተማሪ አላውቅም ሲል በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የአውሮፓ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። ወደ እሱ ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ የኛን ራሳችን እንሠራለን» አለ። ከአክስቴ ሱቅ ረጅም የቃጫ ገመድ ገዛ፤ በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ አሰረበት። በዚያ ገመድ ደስታው ልክ አልነበረውም። እኛም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዓመት በገጠር መሬት ይለካል የሚል ወሬ እንደሚናፈስ፣ ገበሬውም ቀላድ የሚባለውን የመሬት መለኪያ ገመድ በሕልሙ ሳይቀር እንደሚያየው ከመካከላችን የሰማ ነበር። ግን ያንንና ይህንን ያገናኘ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሃያ የምንሆን ልጆች ወጣን፤ ሴቶቹ ሦስት ነበርን። ሁለቱ ገመድ ይዘረጋሉ፣ አንዱ ቋጠሮ ይቆጥራል፣ እኔ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር እጽፋለሁ። ያገኘነውን ሁሉ ቁጥር ሰጠነው። ኮረብታ ቁጥር አንድ፣ ዋርካ ቁጥር አንድ፣ ወንዝ ቁጥር አንድ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከአንድ የበርበሬ ማሳ ግርጌ ወደምትወርድ ጅረት ደረስን። ወንዝ ቁጥር ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ገመዱ በማሳው ዳር ሲዘረጋ ከላይ ከጉብታው አንድ ሰው ጮኸ፤ ቀጥሎ ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ከየቤቱ ዱላ የያዙ ወንዶች ወደ እኛ ወረዱ። ከፊት ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ምንሽር ጠመንጃ ያነገተ ረጅም ሰው ነበር። ሌሎቹ አያ አላምረው ሲሉት ሰማሁ።

«ቀላዱን የጣለው ማን ነው?» አለ አያ አላምረው።

«ቀላድ አይደለም፣ አባቴ» አለ መምህር ዳንኤል። «ተማሪዎች ነን። የአካባቢውን ካርታ ልናነሳ ነው።»

ምናለ ያን ቃል ባልተናገረ! የገበሬ ጆሮ ካርታ ሲባል የሚሰማው ሥዕል አይደለም፤ ተለክቶ ለሌላ ሰው የተሰጠ መሬት ነው። ከኋላ አንድ ወጣት፣ «ሰማችሁ? ካርታ ሊያወጡበት ነው!» ብሎ ጮኸ። ክቡ ጠበበ። ገመዱን ከልጆቹ እጅ ነጠቁ።

«ማን ላካችሁ?»

«ማንም አልላከንም።»

«ያልተላከ ሰው በሰው ማሳ ላይ ገመድ ይዘረጋል?» አለ አያ አላምረው። መምህር ዳንኤል ለማለዘብ ብሎ ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም የባሰ አስቆጣቸው።

ይህ ሁሉ በአማርኛ ነበር። ከዚያ እርስ በርሳቸው በአገውኛ መነጋገር ጀመሩ፤ ከኛ የሚሰማ ያለ አልመሰላቸውም። ወጣቱ ሰውየውን በገዛ ገመዱ አስረን ጭቃ ሹሙ ዘንድ እንውሰደው አለ። ሌላው ጭቃ ሹሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጀርባው ይታሽ፣ ወረቀቱም ይቃጠል አለ። ጓደኞቼ ምንም ሳይገባቸው መምህሩን ያያሉ፤ መምህሩ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። እኔ ብቻ ሰማሁ። ብናገር ጓደኞቼ ሁሉ ሊያውቁብኝ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ያ ከሲታ ሰው ሊገረፍ ነው። ዛሬ ሳስበው ምርጫው ምንም አያዳግትም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለነበርኩት ለእኔ ግን ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል የከበዱ ነበሩ፤ ያንን አልሸሽግም። ወጣቱ የመምህር ዳንኤልን እጅ ወደ ኋላ ሲጠመዝዝ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«አትምቱት፤ እንግዳ ነው፣ አያውቅም» አልኩ በአገውኛ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጓደኞቼም ዞሩ። ፊቴ እንደ በርበሬው ነደደ። ከወንዶቹ ኋላ ሰሌን ላይ ተቀምጠው በርበሬ የሚያገላብጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ሲሆን እጃቸው አልቆመም ነበር። አሁን ቆመ። እመይቴ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ የአያ አላምረው እናት መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ በአገውኛ።

የእናቴን ስም፣ የእናቴን አባት ስም፣ የምንጠጣውን ውሃ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወገኖቼን ያውቋቸዋል። «ታዲያ የሰው ልጅ ከሆንሽ ሳትጠይቂ በሰው አገር ላይ ምን ትጽፊያለሽ? ነይ አንብቢልኝ።»

ቀርቤ ደብተሬን ገለጥኩ። እያንዳንዱን ወደ አገውኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ኮረብታ ቁጥር አንድ። ዋርካ ቁጥር አንድ። ወንዝ ቁጥር ሁለት ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ይቺ ናት ቁጥር ሁለት?» አሉ ወደ ጅረቷ እያዩ። «ይቺን ውሃ ተሻግሬ ነው የተዳርኩት። ሰባት ልጅ አጥቤባታለሁ። እናቱ ስም ያወጣችለትን ልጅ አንቺ ቁጥር ሁለት ትይዋለሽ?» ሲሉ አንዱ ወጣት ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። አያ አላምረው ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ።

«ስሟን ስላልጠየቅን ነው» አልኳቸው። «ይንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ።»

ነገሩኝ። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «ሙሽራ አስቀሪ» እንደ ማለት ነው። ድሮ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ስትመጣ ውሃው ሞልቶ ሦስት ቀን እዳር አስቀመጣት አሉ። አያ አላምረው፣ «ሁለት ቀን ነው» አለ። እናቱ «ሦስት ነው! አንተ የት ነበርክ?» አሉት። «እርስዎስ የት ነበሩ? ከአያትዎ ነው የሰሙት» አላቸው። የዱላው ባለቤቶችም ሁለት ሆነው ተከፈሉ፤ የሁለት ቀንና የሦስት ቀን ወገን። የመምህር ዳንኤልን እጅ የያዘው ወጣት ሦስት ቀን መሆኑን በሁለት እጁ ለማስረዳት ሲል ለቀቀው።

መምህር ዳንኤል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ምንድን ነው የሚሉት? ስለ እኔ ነው?» አለ።

«የለም፤ ስለ ሙሽራዋ ነው» አልኩት፤ ነገሩን አስረዳሁት።

ትንሽ አሰበና «ሁለቱንም ጻፊ፤ ማን እንዳለውም ጻፊ» አለኝ። ከዚያ ገመዱን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ ለአያ አላምረው ሰጠው። «አጥፍቻለሁ። መጀመሪያ እናንተን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። አያ አላምረው ገመዱን እያገላበጠ አየው፤ በቢላዋ ከአንዱ ጫፍ ቆረጠና እዚያው ቆሞ የነበረውን ጥጃ አሰረበት። የመለካት ሥራችን በዚያ አበቃ። ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ስንዞር ዋልን። ኮረብታው ስም ነበረው፤ ዋርካው ስም ነበረው፤ እኛ ድንጋይ ብለን ያለፍነውም ስም ነበረው። የከተማው ልጆች ቃሉን እንዴት እንደሚያወጡት እኔን ይጠይቁኛል፤ ሲሳሳቱ እመይቴ ጥሩነሽ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እርጎ አጠጡን። ስንመለስ ጓደኛዬ ሙሉ፣ «አላውቅም ትይ አልነበር?» አለችኝ። «ዋሽቼ ነው» አልኳት። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «የጅረቷን ስም እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። አራት ዓመት የፈራሁት ነገር በአንድ ጥያቄና በአንድ መልስ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያም ይህ ትልቅ አጥር ያለው ትምህርት ቤት። ፍኖተ ሰላም የተማርኩባትን ጎዳና፣ የቅዳሜ ገበያዋን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የተነሳሁባትን ሥዕላዊ መጋረጃ ያላትን ክፍል ብጽፍ ሌላ ገጽ ይፈልጋል። ጸሐፊዋ ፍልስፍና ያለችው ነገር ግን፣ ካለኝ፣ ከዚያች ማሳ ዳር የመጣ ነው። በየዓመቱ መስከረም አዲስ ተማሪዎቼን በአጥሩ በር አወጣቸዋለሁ። ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ስልካቸው የሰፈሩን ካርታ ከእኔ አብልጦ ያውቃል። «ስልኩን ኪሳችሁ አድርጉና ሰው ጠይቁ» እላቸዋለሁ። ድልድዩን ሠፈርተኛው ምን ይለዋል? ለምን? ዘበኛው አንድ ነገር፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ሌላ ነገር ከነገሯችሁስ? ዘንድሮ አንድ የዲፕሎማት ልጅ ተናድዶ፣ «ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስቱም የተለያየ ነው የነገሩኝ፤ ትክክለኛው የቱ ነው?» አለኝ። «ሦስቱንም ጻፍ፤ ማን እንዳለውም ጻፍ» አልኩት። ቅር እያለው ሄደ። በሳምንቱ አራተኛ ሰው አግኝቶ እየሮጠ መጣ።

የመምህር ዳንኤል ዓመት ሲያልቅ ካርታችን አለቀ። በትልቅ ነጭ ወረቀት፣ ስሞቹ በአማርኛና በአገውኛ፣ በጥቁር ቀለም ተጽፈው የአውሮፓ ካርታ በነበረበት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በትምህርት መዝጊያው ቀን ወላጆች ተጠሩ። አባቴ ሰሞነኛ ስለነበሩ እናቴ ብቻዋን መጣች፤ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ። ትምህርት ቤት ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «ደህና ነሽ ወይ?» አለችኝ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር። ጓደኞቼ፣ አክስቴ፣ አስተማሪዎቹ፣ የከተማው ነጋዴዎች። እኔ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ በአገውኛ መለስኩላት። «ደህና ነኝ፤ ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አልኳት።

አላለቀሰችም። እናቴ ለቅሶ አትወድም። ነጠላዋን አስተካክላ ብቻ ተከተለችኝ። ካርታው ፊት አቁሜ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። በየስሙ ራሷን ትነቀንቃለች፤ የምታውቀው ሰው ቤት ሲደረስ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ፊቷ ተኮሳተረ። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ውሃ እዚህ ጋ አትታጠፍም» አለች በአገውኛ፤ ድምጿ አሁን የማሳ ድምፅ ነበር። «ከዋርካው በላይ ነው የምትታጠፈው። ይሄን የጻፈው ሰው ከታች በኩል አይቶ ነው።»

ለመምህር ዳንኤል ተረጎምኩለት። ሻንጣው ተዘጋጅቶ ነበር፤ በማግሥቱ ይሄዳል። አንድ ዓመት የለፋበት ካርታ ነው። ምላጭ ከመሳቢያው አወጣና በጥቁር ቀለም የተሠመረውን ወንዝ ቀስ አድርጎ ከወረቀቱ ላይ ፋቀው። እርሳስ ለእናቴ ዘረጋላት። «እጄ እርሳስ አያውቅም» አለች። «ጣትዎ ይበቃል» አላት። እናቴ ጣቷን ከምንጩ ላይ አስቀመጠችና በነጩ ወረቀት ላይ ወደ ታች ወረደች፤ ዋርካው ጋ ታጠፈች፣ ቁልቁለቱ ጋ ፈጠነች፣ ሜዳው ጋ ረጋ አለች፤ መምህር ዳንኤልም በእርሳሱ ከጣቷ ኋላ ኋላ ተከተላት። ምንም ያልተጻፈበት አንድ ባዶ ቦታ ሲደርሱ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ እኛ ነን» አለች።

መምህር ዳንኤል ቀና ብሎ አየኝ፤ ተረጎምኩለት። እሱም እንዳለችው አድርጎ ጻፈው።